ወደ ማቹ ፒቹ በእግር፦ ስማችሁን ሳታረጋግጡ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ

ፔሩ ሄዳችሁ ወደ ጥንታዊቷ የኢንካዎች ከተማ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደውን የኢንካን መንገድ በእግር ለመጨረስ ያሰባችሁ ሁሉ ከጫማና ከጃኬት በፊት የሚቀድም ጉዳይ አለባችሁ፤ የመግቢያ ፈቃዱ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ። ከመሄዴ በፊት ያነበብኳቸው መመሪያዎች ስለ ከፍታ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ብዙ ያወራሉ። የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ለሚጓዝ ሐበሻ የሚሆን አንድ መስመር ግን አላገኘሁም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 4 ቀንና 3 ሌሊት ይወስዳል። ኪሎ ሜትር 82 ከሚባለው የባቡር ሐዲድ ዳር ተነስቶ በኢንቲ ፑንኩ (የፀሐይ በር) በኩል ማቹ ፒቹ ይገባል። በቀን የሚፈቀደው 500 ሰው ብቻ ሲሆን አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ተሸካሚው ሁሉ በዚሁ ቁጥር ውስጥ ናቸው። ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ሳይዙ ብቻን መግባት አይቻልም። መንገዱ ለጥገና ሲባል በፌብሩዋሪ ይዘጋል። ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ ለእነዚህ ወራት ቢያንስ ከ6 ወር በፊት መያዝ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ የቪዛውን ጉዳይ ከቆንስላው ጋር ሳትጨርሱ ለፈቃዱ አትክፈሉ፤ የተከፈለ የፈቃድ ገንዘብ አይመለስም።

አሁን ወደ ስሙ።

በፔሩ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ መጀመሪያ የአባት ወገን፣ ቀጥሎ የእናት ወገን። ቅጾቹም የተሠሩት ለዚህ ነው። የአስጎብኚ ድርጅቱ ቢሮ የተቀመጠው ሠራተኛ «አበበ ከበደ ተሰማ» የሚል ሦስት ስም ሲያይ፣ አበበን የራስ ስም፣ ከበደን የአባት ወገን፣ ተሰማን የእናት ወገን አድርጎ ይሞላዋል። ፓስፖርቱ ላይ ግን አበበና ከበደ አብረው በራስ ስም መስመር ተቀምጠዋል፤ በቤተሰብ ስም መስመር ያለው ተሰማ ብቻ ነው። ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ ላየው ሰው ሦስቱም ስሞች አሉ፣ ምንም አልጎደለም። በመንገዱ መግቢያ ባለው ተቆጣጣሪ ዝርዝር ላይ ግን በከበደ ትመዘገባላችሁ፣ የያዛችሁት ፓስፖርት ደግሞ ተሰማ ይላል።

የእኔ ፈቃድ የወጣው ልክ በዚህ መልክ ነው፤ በዚያ ላይ ከአያቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎ። ለድርጅቱ ሰዎች የላክሁላቸው የፓስፖርት ኮፒ ጥርት ያለ ነበር፤ አይቶ መገልበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ስህተቱን ስነግራቸው የመጀመሪያው መልስ «ችግር የለውም፣ ሁልጊዜ ያልፋል» የሚል ነበር። ሲቆይ «ወቅቱ ሥራ የበዛበት ነው» ሆነ። ቀጥሎ ሌላ ፈቃድ እንድገዛ መከሩኝ፤ የዚያ ቀን ፈቃድ ተሸጦ ማለቁን ራሳቸው በነገሩኝ ማግስት! ገንዘብ ለመቀበል በሰዓታት ውስጥ መልስ የሚሰጥ ድርጅት አንድ ፊደል ለማረም ሳምንታት ሲፈጅ እስካሁን ያናድደኛል።

«ሁልጊዜ ያልፋል» የሚለውን አትመኑ። ኪሎ ሜትር 82 ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ፓስፖርታችሁን ተቀብሎ ስምና ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ፈቃዱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ቁጥጥሩም የኖረው ሰዎች ፈቃድ ገዝተው እንዳይሸጡ ነው። ስለዚህ የተለያየ ስም ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የሌላ ሰው ፈቃድ ይዛችሁ መምጣታችሁን ነው። ያን ጊዜ የኢትዮጵያን የስም ሥርዓት በስፓኒሽ የሚያስረዳላችሁ ማነው? ድርጅቱ እንደሆነ ኩስኮ ከተማ ቢሮው ውስጥ ነው፤ ቡድኑም እናንተን ብሎ ቀኑን ሙሉ አይቆምም።

እኔ ጋ የሠራው ይህ ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ ከፎቶው ግርጌ ሁለት ረጃጅም የፊደልና የቁጥር መስመሮች አሉ፤ ማሽን የሚያነባቸው። በላይኛው መስመር ከአገራችሁ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከዚያ ሁለት የቀስት ጫፍ የመሰሉ ምልክቶች፣ ከእነሱ በኋላ ደግሞ የራስ ስም መስመር ላይ ያሉት ስሞች ናቸው። ከሁለቱ ምልክቶች በፊት ያለውን በቤተሰብ ስም ቦታ፣ በኋላ ያለውን በራስ ስም ቦታ፣ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ስማችሁን ከልማድ አትጻፉ። ኃይለማርያም፣ ገብረመድኅን፣ ወልደሚካኤል የመሳሰሉ ስሞች በላቲን ፊደል አንዳንዱ ፓስፖርት ላይ በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፈዋል፤ ፀሐይንም የሚጽፏት በብዙ ዓይነት ነው። የፓስፖርት ቁጥሩ ውስጥ ፊደሉ «ኦ» እና አኃዙ ዜሮ እንዳይለዋወጡ እዩ። ቅጹ ለእናት ወገን ስም ቦታ ካለው ባዶ ተዉት፤ ባዶ መሆን እንዳለበትም በጽሑፍ ግለጹ።

ቀጥሎ፣ ድርጅቱ የሚልክላችሁን ማረጋገጫ እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ማረጋገጫውን የሚጽፉት ከኢሜይላችሁ ገልብጠው ስለሆነ ስማችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የእኔም እዚያ ላይ ትክክል ነበር። የምትጠይቁት በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበውን የፈቃዱን ወረቀት ኮፒ ነው። ሰውን በሰው መተካት ባይቻልም ድርጅቱ የፓስፖርት ኮፒ አያይዞ የአጻጻፍ ስህተት እንዲታረም መጠየቅ ይችላል፤ የእኔም የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው። እንዲንቀሳቀሱ ያደረጋቸው ግን ልመናዬ አልነበረም። ብዙ ድርጅቶች መጀመሪያ ቀብድ ይቀበሉና ቀሪውን በኋላ ያስከፍላሉ። ቀሪውን የታረመውን ፈቃድ ሳላይ አልከፍልም ስል ነገሩ ተጠናቀቀ። ቅናሽ አገኛለሁ ብላችሁ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ዱላ ያ ቀሪ ገንዘብ ብቻ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ ዜግነት የምትጠብቁ ተጨማሪ ወጥመድ አለባችሁ። ፈቃዱን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ፣ ከጉዞው በፊት የዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ፣ በዚያው አጋጣሚ ስማችሁን አሳጥራችሁ አዲስ ፓስፖርት ብታወጡ ፈቃዱ የማይመለከተው ሰው ትሆናላችሁ። መሐላው ከጉዞው በፊት የሚደርስ ከመሰላችሁ ወይ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት አሳድሩት፣ ወይ የስም ለውጡን ተዉት። ስሙ ሳይለወጥ ፓስፖርቱ ብቻ ከታደሰ አዲሱን ቁጥር ወዲያው ለድርጅቱ አሳውቁ፤ በጉዞው ቀንም አሮጌውንና አዲሱን አብራችሁ ያዙ። የባቡር ትኬቱም በዚያው ስም መሆን አለበት።

ከፍታውን በተመለከተ «እኛ ደገኞች ነን» የሚለውን ኩራት እቤት ተዉት። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኩስኮ 3,400። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ዓመታት የኖረ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባውንም ልምድ ሰውነቱ ረስቶታል። ድርጅቶች ኩስኮ ሁለት ሌሊት ይበቃል ይላሉ፤ እኔ አይበቃም እላለሁ። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ቀጥታ ወደ ኡሩባምባ ወይም ኦያንታይታምቦ ውረዱ፤ ሁለቱም ከ2,900 ሜትር በታች ናቸው። እዚያ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ኩስኮ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እደሩ። የከፍታን ሕመም የሚከላከለውን ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት ሐኪም ካዘዘላችሁ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ የሚጀመረው ከፍታ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ነው። ሽንት ያመላልሳል፣ ጣት ይነዝራል፤ አትደንግጡ። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አስጎብኚዎቹ ሁሉ የኮካ ቅጠል አኝኩ፣ ሻዩን ጠጡ ይላሉ። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን አሜሪካ የጭነት መኪና የምትነዱ ወይም ሆስፒታል የምትሠሩና የሽንት ምርመራ የሚደረግባችሁ ሰዎች አንድ ስኒም አትቅመሱ፤ ሻዩ ብቻ በኮኬይን ምርመራ ላይ ሊያስይዝ ይችላል። የሻይ ከረጢቱንም ቢሆን ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሽርሽር ነው። ሁለተኛው ቀን ነው ዋጋ የሚያስከፍለው፦ ከዋይያባምባ፣ 3,000 ሜትር ገደማ፣ ተነስታችሁ ዋርሚዋኙስካ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ድረስ 4,215 ሜትር ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ወደ ፓካይማዮ ሰፈር (የድንኳን ማደሪያ) 600 ሜትር ገደማ በድንጋይ ደረጃ ትወርዳላችሁ። ሰሜን ተራሮች ላይ ቧሂትን የወጣ ሰው ከፍታው አያስደነግጠውም፤ የሚያደክመው ደረጃው ነው። አንዱ ድንጋይ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጣዩ ጉልበት ይደርሳል፤ እግር ምት የሚይዝበት የለም። ትንፋሽ ሳያጥራችሁ ማውራት በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሂዱ፤ ሮጦ ማረፍ ከቀስታ ጉዞ ይልቅ ያደክማል። በማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት፣ መንገዳገድ፣ ተቀምጦም የማይመለስ ትንፋሽ ካለ መመለስ ያለባችሁ ከማለፊያው በፊት ነው። ከተሻገራችሁ በኋላ የሚያወጣችሁ የሰው ትከሻ ብቻ ነው።

ምርኩዝ እንደ አማራጭ ይነገራል፤ ለእኔ ግዴታ ነው፣ ያውም ሁለት። ጫፉ የጎማ ቆብ ከሌለው አይፈቀድም፤ ቆቡ እርጥብ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተነቅሎ ስለሚቀር ትርፍ ሁለት ያዙ። ሦስተኛው ቀን ከፉዩፓታማርካ ወደ መጨረሻው ማደሪያ ወደ ዊኛይ ዋይና 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነው። ለዕቃችሁም ተሸካሚ ተከራዩ። የሚፈቀድላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስሊፒንግ ባጉንና ፍራሹን ጨምሮ 7 ኪሎ ነው። የአንድ ተሸካሚ ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ኪሎ ሜትር 82 ላይ ይመዘናል፤ «ትንሽ ነገር ጨምርልኝ» ብላችሁ አታስቸግሩ። የሌላው ሁሉ ዋጋ 700 ዶላርና ከዚያ በላይ ሆኖ በጣም ርካሽ ያገኛችሁት ድርጅት ካለ፣ ቅናሹ የሚወጣው ከተሸካሚው ደመወዝ መሆኑን ጠርጥሩ።

ደረቁ ወቅት የሰኔ ጾምንና ፍልሰታን ስለሚነካ የምትጾሙ ሰዎች ስትመዘገቡ «ቬጋን» በሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ እንቁላልና አይብ ይመጣል። አብሳዮቹ በኪኑዋ ሾርባ፣ በድንችና በሩዝ አጥግበው ያበሉአችኋል፤ ቀድሞ ያልተነገራቸውን ግን ተራራ ላይ ከየት ያምጡት?

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ይቀሰቅሷችኋል፤ ተሸካሚዎቹ የጠዋት ባቡር ስለሚይዙ ነው። የዊኛይ ዋይና በር የሚከፈተው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኢንቲ ፑንኩ ለመድረስ አትሽቀዳደሙ፤ መንገዱ ጠባብና ገደላማ ነው፣ ብዙ ጊዜም ማለዳ ጉም ይሸፍነዋል። ማቹ ፒቹ ግቢ ውስጥ መጸዳጃ የለም፤ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ከ40 በ35 በ20 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳም አይገባም፣ በሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ባቡር ወደሚያዝባት ከተራራው ሥር ወዳለችው ከተማ ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ በእግር የሚያወርድ ደረጃ አለ፤ ወጣቶቹ ገንዘብ ለማዳን ይወርዱበታል። እናንተ አውቶቡሱን ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ሰልፉ ከሰዓት በኋላ ስለሚረዝም የባቡራችሁን ትኬት ለማታ ቁረጡ።