ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ፣ ያለ ጎማ መፍቻ

ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። የምንሄደው እንጅባራ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። እናቴ ያደገችው ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው፤ ፈረሶቹን ካየች 14 ዓመት አልፏታል። ዕለቱ አስተርዮ ማርያም ስለነበር ግን ገና ሱሉልታ ሳንደርስ ወቀሳው ጀመረ። "ማርያምን ሳልሳለም መንገድ ላይ አዋልከኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ደጀን ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከገዛኋት ሰባት ወር ሆኗታል፤ ከአዳማ አልፋ ግን አታውቅም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ የነበረው መንገድ ላይ ብበላሽ ምን ይዤ ልገኝ የሚለውን ነው። አንድ የመኪና ዕቃ ሱቅ ገብቼ ዚፕ ያለው ቀይ ቦርሳ በ1,800 ብር ገዛሁ። የባትሪ ካቦ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ ጎማ መንፊያ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ተጣጣፊ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ። ሁሉም በየኪሱ ተሰድሯል። ሥርዓት ያለው ነገር እወዳለሁ። ቤቴ ውስጥ እንኳን መቀሱ የራሱ ቦታ አለው። ቦርሳውን ሳየው ልቤ አረፈ። ሻጩም "ከእንግዲህ መንገድ ላይ አትቀርም" አለኝ። አመንኩት።

ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን በጉም ውስጥ አለፍናቸው። ጎሃ ጽዮን ሻይ ጠጥተን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ጀመርን።

ይህን ቁልቁለት ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ እኔ የማስታውሰው ሽታውን ነው። ከፊታችን የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ፍሬን ሲግል የሚሸተው፣ ጎማ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ። ወንዙ ጋ እስክንደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምንወርደው። ማርሹን 2 ቁጥር ላይ አድርጌ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ተውኳት። ፍሬን የምነካው አልፎ አልፎ ነው። አስፋልቱ በየቦታው መሬቱ እየከዳው እንደተጨማደደ ብርድ ልብስ ሆኗል። እናቴ መቋሚያ እንደያዘ ሰው የበሩን እጀታ ጨብጣ ዝም አለች። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር ጎን ለጎን ያለውን አሮጌውን ድልድይ አሳየችኝ። "እኛ ወደ አዲስ አበባ የመጣነው በዚያ ነው" አለች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው።

ደጀን ላይ ቃሌን ጠበቅሁ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር። እናቴ ደጁን ተሳልማ ተመለሰች፤ ፊቷ ፈካ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ያችን ሌሊት በደስታ አላነሳትም። ለክፍሉ 450 ብር ከፈልኩ። "ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት አለ" ያለኝ ልጅ ቁልፉን ሰጥቶኝ ጠፋ። ሙቁ ቀርቶ ቀዝቃዛውም ከሦስት ሰዓት በኋላ ቆመ። የማርቆስ የጥር ብርድ አጥንት ይገባል፤ አልጋው ላይ ያለው ግን አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነው። ሌላ እንዲሰጡኝ ብለምን 50 ብር ጨምር አሉኝ። ጨመርኩ። እኔን ያናደደኝ የውሃው አለመኖር አይደለም። አዲስ አበባም ውሃ ይጠፋል፣ ጀሪካን እንሞላለን፣ እንኖራለን። ያናደደኝ የሌለውን አለ መባሉ ነው። ያለውን በልኩ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ በቀዝቃዛ ውሃም እታጠብ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። አማኑኤልን አልፈን ወደ ደምበጫ እየተጠጋን ሳለ ገለባ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞሉት። ቀስ ብዬ ወደ ዳር ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድኩ መሪው ወደ ቀኝ ጎተተኝ። የፊተኛው ቀኝ ጎማ ተኝቷል።

አልደነገጥኩም። ቀዩ ቦርሳ አለኛ። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ምንጣፉን አነሳሁና ትርፍ ጎማውን (ስኮርታውን)፣ መኪና ማንሻውን ክሪክና የመኪናዋን ጎማ መፍቻ አወጣሁ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ጎማውን ያሰረውን ዳዶ ላላ ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መኪናው ተነስቶ ከሆነ ጎማው አብሮ ይዞራል። መፍቻውን ዳዶው ላይ አደረግሁ። ዞረ። ዳዶው አልዞረም፤ መፍቻው ብቻውን ነው የዞረው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። መፍቻው ባለ 21 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፋብሪካው የመጣው። ዳዶው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጎማው የሚገጠምበትን ቸርኬ በአልሙኒየም ሲቀይር ዳዶውንም አብሮ ቀይሮታል። መፍቻውን ግን አልቀየረም። እኔም በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን ሞክሬው አላውቅም። ቀዩን ቦርሳ ገለበጥኩት። ዳዶ የሚይዝ አንድም ነገር የለውም። በፒንሳው ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ አንሸራቶ የዳዶውን ጠርዝ ፋቀው፣ የእኔንም ጣት።

አንጸባራቂውን ከኋላ ራቅ አድርጌ አቆምኩት። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲያልፍ ነፋሱ አነሳውና ቦዩ ውስጥ ጣለው። ድጋሚ አቆምኩት፤ ድጋሚ ወደቀ። እግሩ ቀጭን ላስቲክ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ በትከሻቸው ያደረጉ ሽማግሌ ከማሳው በኩል መጡ። "እንደምን ዋላችሁ" አሉን። የቆምንበትን አዩ፣ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ሌላ አልጠየቁኝም። ከዳር ካለው ባሕር ዛፍ በማጭዳቸው ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከመኪናዋ ኋላ ሦስት ቦታ ዘረጉት። የመጨረሻው ኩርባው ጋ ነው፣ 100 እርምጃ ያህል ይርቃል። ከዚያ በኋላ የመጣው መኪና ሁሉ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀነሰ። እናቴን "እሜቴ፣ ፀሐዩ ይመታዎታል፣ ወደ ጥላው ይምጡ" አሏት። ብዙም ሳይቆዩ ዘመድ እየቆጠሩ ነበር።

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየን። አራት መኪና አስቆምኩ። ሁለቱ መፍቻ አላቸው፤ የሁለቱም ባለ 21 ነው። በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ዘሎ ወረደና ከወንበር ሥር የተጠቀለለ ጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረጋው። ግሪስ ጠግቦ የጠቆረ ዕቃ ነው፤ አንድም የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም። ዳዶውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሳያይ ማለት ይቻላል ዳዶው ላይ የሚጠልቅ ባለ 19 ቡሶላ አነሳ። እጀታው ላይ የአንድ ክንድ ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ ሰካበት። በአንድ እጁ ጫን አለው። ዳዶው ጮኸና ተንቀሳቀሰ።

"መኪናዋን ስትገዛ ጎማ ፈተህ አላየህም?" አለኝ። አላየሁም አልኩት።

ክሪኩን ሳስገባም አስቆመኝ። ዳሩ ለስላሳ አፈር ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል። ሽማግሌው ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጡልን። በሰያፍ ካለው የኋላ ጎማ ፊትና ኋላም ድንጋይ አስደገፈ። ስኮርታውን ሲጫነው ሟሸሸ። የቪትዝ ስኮርታ ያቺ ቀጭኗ ናት፤ ጎኗ ላይ የአየሯ ግፊት ፒኤስአይ 60 ይላል። የእኔ 20 እንኳን አልነበራትም። እዚህ ላይ ቀዩ ቦርሳ ረዳኝ፤ ትንሿ መንፊያ እየጮኸች፣ በመሃል እንድትቀዘቅዝ እያሳረፍኳት ሞላችው። ልጁ ዳዶዎቹን በመስቀል አጠበቀ፣ አንዱን ከዚያ ትይዩውን። ብር ስሰጠው ወደ ኋላ ሸሸ። "ነገ እኔም እቆማለሁ" ብሎ ሮጦ ተሳፈረ።

ልንሄድ ስንል ሽማግሌው አስቆሙን። ቅርንጫፎቹንና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከአስፋልቱ አነሱ፤ እኔም አብሬ አነሳሁ። "ሌት የሚመጣ ሰው አለ" አሉ። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ስንት መኪና ተጠግኖ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ እንደሄደ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እሳቸው መኪና የላቸውም። ያን ያህል ያከበርኩት ሰው በዚያ ጉዞ ላይ የለም።

በዚያች ስኮርታ ከ80 በላይ አይነዳም፤ በ50 እየሄድኩ ደምበጫ ገባሁ። ጎማው የተበሳው በብሎን ነው። ጎሚስታው የአዲስ አበባ ታርጋ አየና 150 ብር አለኝ። ሰፈሬ ያኔ በ40 ብር ነበር የሚለጠፈው። እናቴ ወረደች። የአባቱን ስም ጠየቀችው፣ አገሩን ጠየቀችው፣ በ80 ጨረሰችው። ቡሬ ላይ ባለ 19 መፍቻ ለምኜ ዳዶዎቹን ደግሜ አጠበቅሁ፤ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ትንሽ ተሄዶ መታየት አለበት። አንዱ ግማሽ ዙር ሄዶልኛል።

ስለ በዓሉ ብዙ አልጽፍም። ፈረሶቹ ሲመጡ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ያየሁት እሷን ነው።

ስንመለስ በረሃውን ወጥተን ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ ዲኤክስ መኪና ባትሪዋ ሞቶ ቆማ አገኘሁ። አሁን የኔ ተራ ነው ብዬ ካቦዬን አወጣሁ። ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከእኔ ባትሪ ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከእሱ ሞተር ብረት ላይ አሰርኩ። ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነሳም። ካቦው ግን እጄ ውስጥ ጋለ፤ ፕላስቲኩ ሸተተ። ላዩ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ማርሹ የእጅ ስለነበረ ገፍተን አስነሳናት። ሰውየው አመሰገነኝ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ልረዳው ቆሜ ነበርና።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ግቢ አቁሜ አንድ ዳዶ ፈታሁ፤ መፍቻውን ከጎረቤት ተውሼ ነው። ዳዶዋን ኪሴ ከትቼ በታክሲ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ባለ አርባ ምናምን ዕቃ የተባሉትን የሚያብረቀርቁ ሳጥኖች ተውኳቸው። አንዱን ቡሶላ ሳነሳው ቀሊል ነው፣ ዳዶዋ ውስጡ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለው ዳዶውን አክብቦ ይተወዋል። የገዛሁት ያገለገለ፣ ከባድ፣ ባለ ስድስት ጎን ባለ 19 ቡሶላ ነው፤ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ የአልሙኒየም ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ረጅም እጀታውን ጨምሮ 420 ብር። ባለ 21ም ያዝኩ፤ ለሌላ ሰው ይሆናል። ለባትሪው ተርሚናል ባለ 10 ቁልፍ። ካቦውን የገዛሁት ሻጩ ጫፉን ልጦ የመዳቡን ውፍረት ካሳየኝ በኋላ ነው። ከሁሉ የተወደደው እሱ ነው፤ አልተከራከርኩም። አንጸባራቂው እግሩ ብረት ነው። የእጅ ባትሪውን ግንባር ላይ በሚታሰር ቀየርኩት፤ ጎማ ሲፈታ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ፊውዝ ባለ 10ና ባለ 15 አምፔር፣ ጠቋሚው አረንጓዴ ላይ ያለ እሳት ማጥፊያ፣ ለክሪኩ ማስደገፊያ የጣውላ ቁራጭ፣ ባለ 10 ሊትር የውሃ ጀሪካን። ጎማ መንፊያዋን ከቀዩ ቦርሳ አውጥቼ አስቀረኋት፤ ውለታ አለባት።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም ጎማ በተራ ፈትቼ ገጠምኩ። የኋላው ግራ አንዱ ዳዶ ዝጎ ስለነበር ቧንቧ ፈለገ። ይህን ያወቅሁት ግቢዬ ውስጥ፣ ቡናው እየተቆላ ነው። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ስጨርስ ገብታ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና ከጣውላው ጎን አስቀመጠችው። ፈታሁት። ማጭድ ነው።

"ለቅጠሉ" አለችኝ።