ፀጉር የሚያህል መስመር፦ ለሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ፎንት ስመርጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ጣናን ተጠግቶ ላለ አንድ ምግብ ቤት ሜኑ፣ ታፔላና ቢዝነስ ካርድ ሠራሁ። የእንግሊዝኛውን ስም ቦዶኒ ሞዳ በሚባል ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ጽፌ ሳሳያቸው ባለቤቷ ወዲያው ወደዱት። «ልጄ፣ ይሄ ፊደል ክብር አለው፤ ሁሉንም በዚሁ አድርግልኝ» አሉኝ። ክብሩስ አለው። ሁሉም ቦታ ግን አይገባም።

የዚህ ዓይነት ፎንት የቆመው መስመሩ ወፍራም ነው፤ የተጋደመው ደግሞ ፀጉር ያህላል። ጫፉ ላይ ሰሪፍ የሚባል ቀጭን እግር አለው። የመጣው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጆን ባስከርቪል ለስላሳ ወረቀትና ጠቆር ያለ ቀለም ይዞ መንገዱን ጠረገ። ከዚያ ፓሪስ ላይ ፊርሚን ዲዶ፣ ፓርማ ላይ ጃምባቲስታ ቦዶኒ የወፍራሙንና የቀጭኑን ልዩነት እስከ ጥግ ወሰዱት። ሻካራ ወረቀት ላይ ያ ቀጭን መስመር ይቆራረጥ ነበር። ዛሬ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ የምናየው እሱው ነው፤ የቮግን አርማ አስታውሱ።

ሥራዬን የጀመርኩት ከማተሚያ ቤቱ ነው። ኮምፒውተር ላይ አሳድገህ ስታየው ሁሉም ፎንት ያምራል። ስለዚህ አንዱን ገጽ በተለያየ መጠን አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ላሚኔቱ የመብራቱን ብርሃን መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጫል፤ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ። መብራት ሄዶ ሻማ ሲበራማ 3 እና 8 ተምታቱ። ዋጋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጠብ ያስነሳል። ቦዶኒን ሽፋኑ ላይ በትልቁ አስቀርቼ ለውስጥ ገጾች ሌላ ፎንት ፈለግኩ።

ነገሩ የሚጣፍጠው ወደ አማርኛው ስንመጣ ነው። ቦዶኒ ሞዳ የእኛ ፊደል የለውም። በእሱ አማርኛ ብትጽፉ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ካልሆነም ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት መርጦ ቦልድ (ማወፈሪያውን) ይጫናል። ኒያላ ቆንጆ ነው፤ ግን ያለው ውፍረት አንድ ብቻ ነው። በግድ ሲወፍር ቀጭኑም ወፍራሙም አብሮ ያብጣል፣ ፊደሉም ያበጠ ፊት ይመስላል።

እኔ ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። የብራና መጻሕፍቱን ሲያሳዩን ሥዕሉን ትቼ ፊደሉ ላይ አፈጠጥኩ። የቆመው ወፍራም፣ የተጋደመው ቀጭን! እነ ቦዶኒ ሳይወለዱ የእኛ ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ልዩነቱ፣ የእኛ ቀጭን የብዕሩን ጫፍ ያህል እንጂ ፀጉር አይሆንም። ባይሆንም ጥሩ ነው። ፊደላችን ድምፁን የሚለውጠው በትንንሽ ቅጥያ ነው። የ«ቡ» ክንድ ከደበዘዘች «ቡና» «በና» ሆኖ ያርፋል። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ቀጭን መስመር ቢጠፋ አንባቢው ብዙውን ጊዜ ይገምታል፤ እዚህ ግን ሌላ ፊደል ይሆንበታል። የአማርኛ ፊደልን ቀጭን መስመር ቦዶኒን እንዲመስል ብለው የሚያሳሱ ዲዛይነሮች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ሽፋኑ ላይ ለአማርኛው ስም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባለውን ፎንት መረጥኩ፤ የእጅ ጽሕፈት ወዝ አለው። ለምግብ ዝርዝሩ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወሰድኩ። እሱ ብዙ ውፍረት ስላለው «የዓሣ ምግቦች» የሚለውን ርእስ ያለ ግድ ማወፈር ይቻላል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። መጠኑን በቁጥር አላመሳሰልኩም፣ በዓይኔ ነው። አማርኛ ካፒታልና ስሞል የለውም፤ ቁመቱን ከላቲኑ ካፒታል ዝቅ፣ ከስሞሉ ከፍ ሳደርገው ሁለቱ ጎን ለጎን በሰላም ተቀመጡ።

ታፔላው የራሱ ጣጣ ነበረው። ከኋላው መብራት ስላለው ብርሃኑ ቀጫጭኑን መስመር ይበላዋል። ስቲከር ቆራጩም እንዲህ የቀጠነ መስመር በፀሐይና በዝናብ ይላጣል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚያልፍ ሰው ደግሞ አፍታ ነው የሚያየው። እዚህ ላይ ቦዶኒ ሞዳ ራሱ አዳነኝ፤ ለትልቅና ለትንሽ መጠን የተለያየ ቅርጽ አለው። ለትንሹ የተሠራው ቀጭን መስመሩ ጠንከር ይላል። ታፔላው ትልቅ ቢሆንም እሱን ተጠቀምኩ። አሜሪካዊው የፎንት ዲዛይነር ጆናታን ሆፍለርም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ዲዶ የተባለውን ፎንት ሲሠራ ለየመጠኑ ለየብቻ ነው የሣለው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ትልቁን ጽሕፈት ጉልህ፣ ትንሹን ረቂቅ ብለው ይለዩ የለ?

ቢዝነስ ካርዱ ላይ ቦዶኒ ያለው ስሙ ላይ ብቻ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ በቀላል ፎንት ተጻፈ። ጥቁር ካርድ ላይ ነጭ ፊደል ይሁን የሚል ሐሳብም ነበር፤ ቀለሙ ፈሶ ቀጭኑን ስለሚደፍነው ተውነው። የሜኑው የውስጥ ገጾች ከሽፋኑ ተለይተው የሚወጡ ሆኑ። ዋጋ ሲጨምር ገጹ ብቻ እንደገና ይታተማል፣ ሽፋኑ አይነካም።