የኤላት ኮራል ነገር

እዚህ እስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ ቀይ ባህር ዳር ያለችው ኤላት የምትኖሩም ለእረፍት የምትመጡም ሀበሾች፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ህይወት ያለው እንስሳ ነው፣ ሌላ ቦታ ባህሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ነጭ ይሆንና ብዙው ይሞታል፣ የኛ የአቃባ ባህረ ሰላጤው ግን ሙቀቱን ከሌላው በተሻለ እንደሚችል ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል። ሙቀት ቻለ ማለት ግን ነዳጅና ቆሻሻ ይችላል ማለት አይደለም!! በ2014 እ.ኤ.አ. ከኤላት በስተሰሜን ኤቭሮና ላይ ቧንቧ ተሰብሮ ወደ 5 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ በረሃው ላይ ፈሰሰ፣ እሱ አሸዋ ላይ ነው፣ ባህር ውስጥ ቢሆንስ? የነዳጅ መርከቦቹ የሚቆሙበት ወደብ ከኮራሉ ብዙም አይርቅም እኮ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ሰው ከጮኸ ደግሞ ይሰማል፣ ባህሩን ይበክላሉ የተባሉት የዓሳ እርባታ ኬጆች (ዓሳ የሚረባባቸው የመረብ ጎጆዎች) ከብዙ ክርክር በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባህሩ ወጥተዋል።

እኛም ስንዋኝ እንጠንቀቅ። የዋና ማስክ ለማስተካከል ብሎ ኮራል ላይ የሚቆም ሰው ባየሁ ቁጥር ያመኛል፣ ያቺ ቀጭን ቅርንጫፍ በአመት የምታድገው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፣ በአንድ እርግጫ ቀጭ ትላለች። ኮራሉን ሳትረግጡ ወደ ባህሩ በሚያስገባው ድልድይ በኩል ግቡ፣ ስባሪውንም ለመታሰቢያ ብላችሁ አትውሰዱ፣ በህግም ክልክል ነው።