ከሻንጣ እስከ ፍጻሜው መስመር፦ የሁለት ቀን የአማተር ብስክሌት ውድድር የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ ብስክሌት ለጉዞ ሲታሸግ ከቁልፍ በፊት የሚያስፈልገው ቴፕ ነው። የኮርቻው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ አንዴ ይጠቀለልበታል፤ በማግስቱ ሲገጠም ቁመቱ አይጠፋም። በግምት የተገጠመ ኮርቻ አምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል መጀመሪያ አይታወቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጉልበት ይናገራል።

የምንሄደው ሦስት ሰዓት በመኪና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚፎካከርበት 12 ኪሎ ሜትር፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ 2.2 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ የሚደረግ የዙር ውድድር አለ። ከስምንቱ ተከታታይ ውድድሮች አራተኛውና አምስተኛው መሆናቸው ነው። ለአጠቃላይ ደረጃ የሚቆጠረው የስድስቱ ምርጥ ነጥብ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን የታመመ ወይም ጎማው የፈነዳ ሰው ዓመቱ አይበላሽበትም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ይባረክ።

ሁለት ብስክሌት ከነሻንጣው በአንዲት ትንሽ መኪና እንዲገባ ጎማዎቹና ፔዳሎቹ መውጣት አለባቸው። ግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሲያጠብቀው አምሽቶ ክራንኩን፣ ፔዳሉ የሚገጠምበትን ክንድ፣ ያበላሻል። ግራ ቀኝ እያሉ ከመደናገር ቁልፉን ከፔዳሉ ዘንግ ወደ ላይ አቁሞ ጫፉን ወደ ብስክሌቱ ኋላ መግፋት ይሻላል፤ በሁለቱም በኩል ይፈታል። ሲመለስ ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ ይቀባል። ያለ ግራሶ የገባ ፔዳል በሚቀጥለው ጉዞ አልወጣ ይላል።

የዲስክ ፍሬን ላለው ብስክሌት ደግሞ ጎማው እንደወጣ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሃል አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ትገባለች። ወፍራም ካርቶን አጥፎ ማስገባትም ይሠራል። እሷ ሳትኖር ሻንጣው ውስጥ የሆነ ነገር የፍሬኑን እጀታ ከተጫነው ፒስተኖቹ ወደፊት ይወጡና ሸራዎቹ ይገጥማሉ፤ ዲስኩ የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል። እኛ በደረስንበት የመኪና ማቆሚያ ይህ የገጠመው አንድ ልጅ በካቻቢቴ ሸራዎቹን ሲፈለቅቅ አየነው። ሸራው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑም በአንድ ጎኑ ይጫናል። የጎማ ማውጫ የፕላስቲክ ማንሻ በመሃላቸው አስገብቶ በቀስታ ግራና ቀኝ ማላላት ነው መፍትሔው። ጎማው ከገባ በኋላ እጀታው እንደገና ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ መጫን አይረሳም፤ የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ነውና ያንን ቁልቁለት ላይ ማግኘት ደስ አይልም።

ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመን ደረስን። መሪው ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለው ክዳን ብሎን የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ መንቀጥቀጡን እስኪተው ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው የጎን ብሎኖቹ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ የሚጠብቁት። የማጥበቂያው ልክ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። ጎኖቹ ቀድመው ከጠበቁ የላዩ ክዳን ምንም አይጎትትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የፊቱን ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ መወዝወዝ። ጣት ላይ «ቀጭ» የሚል ነገር ከተሰማ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል።

ሌላው የጉዞ ጉዳት የማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆና የተሠራች ናት፤ ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ ትታጠፍ ተብሎ። ሻንጣው በቀኝ ጎኑ ከተኛ ትታጠፋለች። ምልክቱ ሰንሰለቱ መሃል ማርሾች ላይ መዝለሉ ነው። ያንን ችላ ብሎ ወደ ትልቁ ጥርስ የቀየረ ሰው ቀያሪውን በጎማው ሽቦዎች ያስበላል። ለእያንዳንዱ ፍሬም የተለየች ስለሆነች ከጎረቤት መዋስ አይቻልም፤ ከመለዋወጫ ካላማዳሪ እኩል በቦርሳ ልትያዝ ይገባል።

ምዝገባው ላይ ነው የተወዳዳሪው መብዛት የታየው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር። ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ስልሳ ሰው ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ሰልፉ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ አያሟሙቅም። በእሁዱ ውድድር አዘጋጆቹ ጠረጴዛውን ሁለት አድርገውት ነበር፤ አንዱ ስም ብቻ ለሚያረጋግጡ፣ ሌላው በዕለቱ ለሚመዘገቡ። ከዚህም የሚሻለው የዓመቱን ቁጥር አንዴ ሰጥቶ ተወዳዳሪው ይዞት እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሽልማት ከመጨመሩ በፊት ጠረጴዛ ይጨመር እላለሁ።

ቁጥሩ በአራት ሳይሆን በስድስት መርፌ ቁልፍ ይያያዛል፤ አራቱ በማዕዘኖቹ፣ ሁለቱ በረጅሞቹ ጎኖች መሃል። ማልያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተያያዘ ቁጥር ተወዳዳሪው ሲያጎነብስ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ማልያውን የለበሰው ሰው መሪ እንደያዘ ጎንበስ ይበልና ሌላ ሰው ያያይዝለት። የትኛው ጎን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካሜራው በቀኝ ቆሞ ቁጥሩ በግራ የተለጠፈ ሰው ውጤት ላይ የለም።

የቅዳሜው ውድድር አጭር ነገር ነው። በየአንድ ደቂቃው አንድ ሰው ይለቀቃል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰዓቱ አይጠብቀውም። የደረሱበትን ሰው ተከትሎ ነፋስ መከለል ክልክል ነው፣ ማለፍ ብቻ። የዕለቱ ስህተት የብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነበር፦ ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ስለነበር የጎበዙ መሰላቸው። መዞሪያው ላይ ከባድ ማርሽ እንደያዙ ደርሰው ቆመው ለመነሳት ታገሉ። ማርሹ የሚቀለው ፍሬን ከመያዙ በፊት ነው፤ ፔዳሉ ካልዞረ ሰንሰለቱ አይቀየርም።

እሁድ ጠዋት መንገዱን ሦስት ጊዜ ዞርነው። አንዴ በዝግታ አስፋልቱን እያዩ፣ አንዴ በውድድር ፍጥነት፣ አንዴ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ። ሦስተኛው ኩርባ መውጫ ላይ የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ነበር፤ ክፍተቶቹ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ናቸው። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ እንዲህ ያለ ክፍተት ውስጥ ከገባ ሰው ከመሪው በላይ ይወረወራል። አዘጋጆቹ ባንዲራ የያዘ ሰው ሊያቆሙበት አስበው ነበር። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ በቡድን መሃል ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ ባንዲራ አይደለም። ሠላሳ ሜትር አስቀድሞ ኮን ደርድሮ መንገዱን ማጥበብ ይሻላል፤ ቡድኑ በራሱ ይሸሻል። በመጨረሻ እንደዚያው ተደረገ። ኩርባው ላይ የነበረው ጠጠርም በመጥረጊያ ተጠረገ።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር የጎማው አየር መቀነስ ነበረበት። ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ በደረቅ መንገድ ወደ 5 ባር የአየር ግፊት ይበቃዋል፤ በእርጥብ ወደ 4.5 ይወርዳል። ጎማውን እስኪደነድን የሚነፋ ሰው ፈጥኖ የሚሄድ ይመስለዋል፤ የተቆፋፈረ አስፋልት ላይ ግን ብስክሌቱ እየዘለለ ጉልበቱን ያባክንበታል፣ ኩርባ ላይም ይንሸራተታል። የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ሲረጥብ በረዶ ነው፤ እሱ ላይ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይያዝም።

ጀማሪዎቹ 30 ደቂቃና ሁለት ዙር፣ ልምድ ያላቸው 60 ደቂቃና ሦስት ዙር ለየብቻ ሮጡ፤ ዙሮቹ ደቂቃው ሲያልቅ የሚጨመሩ ናቸው። በፊት በፊት ሁሉም አብሮ ይለቀቅ ነበር። ተወዳዳሪ ሲበዛ ያ አደጋ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ቡድን አንዱ ዙር 3 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይወስዳል፤ ቀስ የሚሉትን ብዙ ሳይቆይ ይደርስባቸዋል፣ የሚደርስባቸውም ኩርባ ላይ ነው።

ከኋላ መቀመጥ እረፍት የሚመስለው ተመልካች ብቻ ነው። ፊት ያሉት አስሩ ኩርባውን ፍሬን ሳይነኩ ያልፉታል። ሃምሳኛው ሰው ግን ፊቱ ያሉት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስለያዙ ሊቆም ይደርሳል፤ ከዚያ ያመለጠውን ለማግኘት ቆሞ ይረግጣል። በ60 ደቂቃ ውስጥ 18 ዙር፣ በዙር አራት ኩርባ፦ 72 ጊዜ። እዚያ ያሉት ከግማሽ በኋላ አንድ በአንድ የሚንጠባጠቡት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ፣ ሁሉም በሚዝናናበት ሰዓት፣ ከነፋሱ በተከለለው ጎን ወደፊት መውጣት ነው። ኩርባ ላይ ለማለፍ የሚሞክር ሰው ራሱንም ሌላውንም ይጥላል። የውጪው እግር ወደ ታች፣ ዓይን ወደ መውጫው፣ ፍሬን ከመታጠፍ በፊት፤ የፊት ጎማ ደግሞ ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ፈጽሞ አይገባም። ሲነካካ የሚወድቀው የኋለኛው ነው።

የፍጻሜውን መስመር ስልክ ነበር የቀረጸው። እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 16.7 ሜትር ይሄዳል። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚይዝ ከሆነ በሁለት ምስሎች መካከል ተወዳዳሪው 55 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፏል፤ አሸናፊው በመካከል ጠፋ ማለት ነው። በ240 ሲቀረጽ ግን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስልኩን ወደ ዝግታ መቅረጫው ማዞር በቂ ነው፣ ወጪ የለውም። ስልኩ ደግሞ በመስመሩ ቀጥታ ላይ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ቆሞ መያዝ አለበት። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ የቅርቡና የሩቁ ተወዳዳሪ ቦታ ይዛባል። የቅዳሜው ስልክ በሰው እጅ ነበር፤ ያ አንድ በአንድ ለሚመጡ ተወዳዳሪዎች ችግር የለውም። የእሁዱም በእጅ ነበር፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ የተነሳው ክርክር አርባ ደቂቃ ፈጀ። የዳነው ከመስመሩ ማዶ ቁጥር በድምፅ እየጠራ ሲቀዳ በነበረ አንድ ሰው ነው።

ስንመለስ ብስክሌቶቹ ጭቃ ነበሩ። ሰንሰለቱን እርጥብ አድርጎ ሻንጣ ውስጥ መዝጋት በማግስቱ ዝገት ማውጣት ነው። በደረቅ ጨርቅ ይዘን ፔዳሉን ወደ ኋላ ጨርቁ ጥቁር መውሰዱን እስኪተው አዞርነው፤ ከዚያ በየማያያዣው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ሰጠን፤ የተረፈውንም ጠረግን። የፍሬን ሸራዎቹን የምትለየው ፕላስቲክ አንዷ ጠፍታ ስለነበር የምዝገባውን ካርቶን ቀደን አጥፈን አስገባንባት። ቤት ደርሰን ሻንጣዎቹን ሌሊቱን ክፍት ተውናቸው።