ሳቫና ከመሄዳችሁ በፊት የስረዛ ውሉን አንብቡ

አትላንታ ለምንኖር ሰዎች በጆርጂያ ጠረፍ ላይ ያለችው ሳቫና የቅርብ ባሕር ናት። በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። በሃይዌይ 75 ወደ ሜከን፣ ከዚያ በ16 ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ነዳጅ ማደያው ተራርቋል፤ ስለዚህ ሜከን ላይ ሞልታችሁ ውጡ።

እኔ መጻፍ የፈለግኩት ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነገር ነው። ወደ ደቡብ ጠረፍ ከተማ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚወሰነው ቀኑና የማረፊያው የስረዛ ውል፣ ማለትም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘባችሁ የሚመለስበት ደንብ ነው። የት እንብላ፣ ምን እንይ የሚለው ቆይቶ ይደርሳል። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የ2019ን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ስልክ ላይ ስጨቃጨቅ አላሳልፍም ነበር።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጣናንና ላንጋኖን ታውቃለች፤ ባሕር ግን አይታ አታውቅም። ለእንቁጣጣሽ አገሬ መግባት አለብኝ ብላ የመመለሻዋን ቀን አስቆርጣለች። እኔና ባለቤቴ ደግሞ አብረን ዕረፍት የምናገኘው በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ በሌበር ዴይ ሰሞን ብቻ ነበር። ቀኑ በዚሁ ተወሰነ። ከቅዳሜ ኦገስት 31 እስከ ረቡዕ።

ማረፊያውን የወሰነው ምግብ ነው። እማዬ አሳማ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን አትቀምስም። የጠረፉ ማዕድ ደግሞ ያው ነው፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦይስተር። ታዋቂው ቀይ ሩዛቸው ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ይገባል። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ታይቢ ደሴት ላይ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራየን። እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ቂቤውን በኩለር ጫንን። የቤቱን ኪራይ ሙሉውን ከፍለን የጨረስነው ገና በጁን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሆቴል አብዛኛውን ጊዜ ሊገቡ አንድ ወይም ሁለት ቀን እስኪቀር ድረስ ይሰረዛል። የግል ቤት ኪራይ ግን ሌላ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚጽፈውም አከራዩ ነው።

ሐሙስ ማታ ዜናው ሁሉ ዶሪያን ስለሚባል ሃሪኬን ሆነ። ያኔ ትንበያው ወደ ፍሎሪዳ ነበር የሚያሳየው። የሆነው ሆኖ ኢንሹራንስ ልግዛ ብዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጨዋነት አስረዳችኝ፤ አውሎ ነፋሱ ስም ወጥቶለታል፤ ስም ከወጣለት በኋላ የሚገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ አውሎ ነፋስ አይከፍልም። ዶሪያን ስም ያገኘው ኦገስት 24 ነው። በጁን፣ ቤቱን በያዝኩበት ቀን ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ይሸፍነኝ ነበር። ቤቱን ስይዝ ይህን አንድም ቦታ ላይ የጻፈልኝ የለም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ያቺ ቀን ግን እንዴት ያለች ቀን ነበረች!

ከተማዋን ያቀዳት ጄምስ ኦግልቶርፕ ነው። በ1733 ሲመሠርታት በየመንደሩ መሃል አደባባይ እንዲኖር አደረገ። ዛሬም 22ቱ አሉ። አብዛኞቹ በትልልቅ የኦክ ዛፎች የተሸፈኑ ናቸው፤ ከዛፎቹ ላይ ግራጫ ሽበት የመሰለ ተክል ይንጠለጠላል። ዕድሜው ለገፋ ሰው ከዚህ የሚመች ከተማ አላውቅም። ጥቂት ትራመዳላችሁ፣ ጥላና አግዳሚ ወንበር ታገኛላችሁ። ወንዙ ዳር ያለው ሪቨር ስትሪት ግን ለጉልበት ክፉ ነው። ደረጃው ቁልቁል፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው። አረጋዊ ከያዛችሁ ከላይ ሆናችሁ ወንዙን አይታችሁ ተመለሱ።

አስጎብኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በመናፍስት ወሬ ነው። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውሉ። ፍራንክሊን አደባባይ ላይ ወዳለው ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ሕንጻው በ1859 ነው የተጠናቀቀው። ወለሉ ጣውላ ላይ በቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች ከሥር ተደብቀው የሚተነፍሱት በእነዚህ ቀዳዳዎች ነበር ብለው ያስረዳሉ። ለእማዬ እየተረጎምኩ ሳለ ጎንበስ ብላ ወለሉን በእጇ ነካች፤ አማተበችም። «ከዚህ ሥር ሰው ነበር?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ያንኑ ዓመት፣ ማርች 1859፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ከ400 በላይ ሰዎች በጨረታ መሸጣቸውን ነገርኳት። ዘመድ ከዘመድ ሊለያይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።

ማዲሰን አደባባይ ላይ ያለው የግሪን ሜልድሪም ቤትም እንዳያልፋችሁ። በጃንዋሪ 1865፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ሳቫናን የያዘው የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን እዚያ ተቀብሎ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። መሬት ነው አሉ። ከአራት ቀን በኋላ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር የሚሰጥ ትዕዛዝ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሻረው፤ መሬቱም ለቀድሞ ባለቤቶቹ ተመለሰ። እማዬ ይህን ስትሰማ «መሬት ላራሹ» አለች። ተማሪ ሳለች የጮኸችው መፈክር ነው። ሰጥቶ መንሳቱ አበሳጭቷት እስከ ታይቢ ድረስ ስለዚያው ነበር የምታወራው።

ማታ ባሕሩ ዳር ደረስን። ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውኃው ሞቃት ነበር። ጨው ለጉልበት ጥሩ ነው ብላ እስኪመሽ አልወጣም አለች። ልጆቼ በግራና በቀኝ እጇን ይዘው ማዕበል በመጣ ቁጥር አብረዋት ይዘሉ ነበር። ለዚያች ማታ ስል ሁሉንም ነገር እንደገና አደርገዋለሁ።

እሑድ ዶሪያን ባሃማስን በምድብ 5፣ በከፍተኛው የሃሪኬን ኃይል መታ። ትንበያውም ወደ ሰሜን ዞረ። ማታ የጆርጂያው አገረ ገዥ ብራያን ኬምፕ አዘዙ፤ በስድስት የጠረፍ ካውንቲዎች ከሃይዌይ 95 በስተምሥራቅ ያለ ሰው ሁሉ ይልቀቅ፤ ትዕዛዙ የሚጸናው ከሰኞ እኩለ ቀን ጀምሮ ነው። ታይቢ በቀጥታ ውስጡ ነች።

በዚያው ማታ ከአከራይዋ መልእክት መጣ። ስትወጡ የበረንዳውን ወንበሮች ወደ ውስጥ አስገቡልኝ፣ መስኮቶቹንም ቆልፉልኝ ይላል። እኔና ባለቤቴ በሌሊት ወንበሮቹን ተሸክመን አስገባን። ጠዋት ቁርስ በልተን ወጣን። እማዬ በጥቂት ቀናት ውስጥ በረራ አለባት፤ ሕፃናት ይዘናል። እኩለ ቀንን የምንጠብቅበት ምክንያት አልነበረንም።

እዚህ ላይ ከባለሥልጣናቱ ጋር አልስማማም። የአካባቢያችሁ ትዕዛዝ ሲወጣ ውጡ ይላሉ። ለነዋሪው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ማሸግ አለበት። እንግዳ ግን የሚያሽገው ነገር የለውም። ወሬው ሲሰማ መውጣት ነው። በ16 ላይ ሁሉንም መስመር ወደ ምዕራብ ብቻ የሚያደርጉት ማክሰኞ ጠዋት ነው ተብሎ ነበር። ሰውን ሰኞ አስወጥቶ መንገዱን ማክሰኞ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኛ በ16 አልሄድንም። ከታይቢ የሚነሳው አሮጌው ዩኤስ 80 ሳቫናን አቋርጦ በስቴትስቦሮ፣ በስዌንስቦሮና በደብሊን አድርጎ ሜከን ይደርሳል። ትንንሽ ከተማዎችን እያቋረጠ የሚያዘግም መንገድ ነው፤ ግን ማደያ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ለአረጋዊ ቆም የሚባልበት ቦታ አለው።

በሰላም ቤታችን ገባን። ለቀሪዎቹ ሌሊቶች ገንዘቤ እንዲመለስ ጻፍኩ። የአከራይዋ መልስ አጭር ነበር። ትዕዛዙ የጸናው ከእኩለ ቀን ጀምሮ ነው፤ እናንተ የወጣችሁት ጠዋት ነው፤ ስለዚህ በፈቃዳችሁ ነው የሄዳችሁት።

ደጋግሜ አነበብኩት። በሌሊት ወንበሯን ያስገባሁላት ሰው ነኝ!

ቤቱን የያዝኩበት ድርጅት ደግሞ የባሰ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስረዳለሁ፤ «ጉዳዩን እያየነው ነው» ይባላል፤ ከዚያ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል ኢሜይል ይደርሰኛል። የሚጠቅሱት አንቀጽ አስገዳጅ ትዕዛዙ ከመግቢያ ቀን በፊት የወጣ ከሆነ ብቻ ይመለሳል የሚል ነው። ገብታችሁ ከሆነ ሃሪኬኑ የእናንተ ዕዳ ነው ማለት ነው። ይህ ውሉ ውስጥ ታች፣ ስለ ቤት እንስሳትና ስለ ጩኸት ከሚያወራው ክፍል በኋላ ተጽፏል። አንዷ ሠራተኛ ደግሞ ሃሪኬኑ ታይቢን በቀጥታ አልመታም፤ ስለዚህ ቤቱ መኖሪያ መሆን ይችል ነበር አለችኝ። እውነት ነው፤ ዶሪያን ከባሕሩ ላይ ሆኖ አለፈ፤ ጉዳቱም ቀላል ነበር። ግን አገረ ገዥው ያስወጡትን ሰው፣ ማዕበሉ አልመጣምና ክፈል ይባላል?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። እነሱም የሚጠብቁት ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ ግን ክርክሩን ቀየርኩት። እስከዚያ ድረስ የሚጠይቁኝ ለምን በጠዋት ወጣሽ እያሉ ነበር፤ እኔም ለዚያ ነበር መልስ የምሰጠው። በኋላ ጥያቄውን ወደ እነሱ አዞርኩት። ሰኞ ሌሊት ይህን ቤት ልታስረክቡኝ ትችሉ ነበር? ማክሰኞስ? አይችሉም። አካባቢው በሕግ እንዲለቀቅ ታዟል። ያልቀረበ አገልግሎት ነው፤ ላልቀረበ አገልግሎት ክፍያ የለም። በስንት ሰዓት ወጣሽ የሚለው ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ይህንን ይዤ ወደ ክሬዲት ካርዴ ባንክ ሄድኩና ክፍያውን ተቃወምኩ። ሰዎች ይህን መብት አያውቁትም። ሕጉ ክፍያው የታየበት መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታመለክቱ ይጠይቃል። እኔ የከፈልኩት በጁን ስለነበር ቀኑ እንዳለፈ ነግረውኝ ነበር። የባንኩ ሠራተኛ ግን አገልግሎቱ መቅረብ ከነበረበት ቀን እንዲቆጠርልኝ አደረገ። ይህ ባንኩ በራሱ ደንብ ያደረገው ነው፤ ስለዚህ ባንካችሁን ሳትጠይቁ ቀኑ አልፏል ብላችሁ አትቅሩ። ሦስት ነገር አያይዤ ላክሁ። የትዕዛዙን ሙሉ ጽሑፍ፣ ውሉን፣ እና ያንን የወንበሮቹን መልእክት። ያሸነፈልኝ የወንበሮቹ መልእክት ነው ብዬ አምናለሁ። እንደምንወጣ አውቃ፣ እንድንወጣ አዝዛ፣ በኋላ በፈቃዳችሁ ነው ማለት አልቻለችም። ያ መልእክት በስልክ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ምንም ማስረጃ አይኖረኝም ነበር። ከአከራይ ጋር በስልክ አታውሩ። ከደወሉም፣ ስልኩ እንደተዘጋ የተባባላችሁትን ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ያልተኛንባቸው ሌሊቶች ገንዘብ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ተመለሰ። የጽዳት ክፍያውን ግን አልመለሱም። ራሳችን ጠርገን፣ ራሳችን ወልውለን ለወጣንበት ቤት ማለት ነው። አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ሳቫና ስንሄድ የማደርገው ይህን ነው። ኦገስትና ሴፕቴምበር አልሄድም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ። የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ከባዱ ግን እነዚህ ሁለት ወራት ናቸው። ማርች መጨረሻና ኤፕሪል አበባው ፈንድቶ ከተማዋ የምታምርበት ጊዜ ነው፤ ማርች አጋማሽ ላይ ያለውን የሴንት ፓትሪክን በዓል ሰሞን ብቻ ሽሹ፤ ሰውም ዋጋውም አያስደርስም። ማረፊያ የምይዘው ከተማው ውስጥ፣ ትንሽ ምድጃና ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል ነው። ሽሮ ለማፍላት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እስከ ዋዜማው የሚሰረዘውን ዋጋ እመርጣለሁ፤ ትንሽ ቢወደድም። ኢንሹራንስ የምገዛው ክፍሉን በያዝኩበት ቀን ነው። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችለውን ዓይነት ከፈለጋችሁ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ውስጥ ግዙ ይላሉ፤ የሚመልሱትም ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶውን ነው።

ታይቢን ለቀን ብቻ እንሄዳለን። ከመነሳታችን በፊት የባሕሩን የሙላት ሰዓት አያለሁ፤ ወደ ደሴቲቱ የሚያስገባው መንገድ ዩኤስ 80 ብቻ ነው፤ ባሕሩ በጣም ሲሞላ አስፋልቱ ላይ ውኃ ይወጣበታል። የመኪና ማቆሚያውም ዓመቱን ሙሉ ይከፈልበታል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ይቅር አይሉም፤ ጃንጥላውን ከማውረዳችሁ በፊት ክፈሉ።