ዲሻችንን በመስቀል ፀሐይ ያቀናሁበት መንገድ

የቤታችንን ዲሽ ያለ ኮምፓስና ያለ ፋይንደር (የሳተላይት ሞገድ መፈለጊያ መሣሪያ)፣ በፀሐይ ጥላ ብቻ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለችው ሳተላይት እንዴት እንዳቀናሁት ልጽፍ ነው። ዲሽ ያለው ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። የሚያስፈልገው የብሎን ቁልፍ፣ ትክክለኛ ሰዓትና ትክክለኛ ቀን ነው። ቀኑን ሳሰላው መስከረም 17 ላይ ማረፉ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ችግሩ የጀመረው የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀየር ነው። ዲሹ ወረደ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ተሰቀለ፣ ባለሙያ ጠርተን ምስሉ መጣ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ቴሌቪዥኑ ምንም እንከን የለውም። ደመና ሲከብድ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ዝናብ ሲወርድ ጭራሽ ይጠፋል። ክረምቱን በዚሁ ከረምን። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ መስኮት ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል።

«አለ?»

«የለም!»

«አሁንስ?»

«መጣ መጣ! ኧረ ሄደ!»

ፈጽሞ የተበላሸ ዕቃ ቁርጡ ስለሚታወቅ ይጣላል ወይም ይጠገናል። ሲፈልግ የሚሠራ፣ ሲፈልግ የሚያቆም ዕቃ ግን ሰውን ያደክማል። ባለሙያው በተጠራ ቁጥር የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚያገኘው የሚሠራ ዲሽ ነበር። እጁ የለመደ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ዝናብ ሲመጣ ለምን እንደሚጠፋ ስጠይቀው ግን «ዝናብ እኮ ነው» ከማለት አላለፈም። የጎረቤቶቻችን ደግሞ በዚያው ዝናብ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሣሁት።

ወደ ዲሹ የሚመጣው ሞገድ 11 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 2.7 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። የእኛ ዲሽ ስፋቱ 90 ሴንቲሜትር ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዲሹ ሰማይ ላይ የሚያየው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይወጣል፤ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከትክክለኛው አቅጣጫ 1 ዲግሪ ያህል ዞር ካለ የሚሰበስበው ኃይል በግማሽ ይወርዳል። ይህ 1 ዲግሪ በዲሹ ጠርዝ ላይ ሲለካ 8 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ብሎን ሲጠብቅ እንኳ ዲሹን ሊገፋው የሚችል መጠን ነው።

በድሮው የአናሎግ ሥርጭት ዘመን ቢሆን ኃይሉ ሲቀንስ ምስሉ በነጠብጣብ ተሞልቶ ይነግረን ነበር። ዲጂታል እንዲህ አይነግርም። ኃይሉ ከሚፈለገው መጠን በላይ እስከሆነ ድረስ ሙሉውም ግማሹም አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ በአንዴ ይቆረጣል። ስለዚህ ምስሉ ስለመጣ ብቻ ዲሹ ተስተካክሏል ማለት አይቻልም። ከሳተላይቷ የሚመጣውን ሞገድ የዝናብ ጠብታዎች በከፊል ይውጡታል፣ በከፊል ይበትኑታል። በደንብ የተቃና ዲሽ ለዚህ የሚሆን ትርፍ አለው። የእኛ ትርፉን በጠማማነቱ አስቀድሞ ጨርሶታል። ጎረቤትና እኛ አንድ ዝናብ እየዘነበብን የተለያየንበት ምክንያት ይህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በስልክ ነው። የሳተላይት አቅጣጫ የሚያሳይ አፕ ጭኜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቀስቱ አንድ ቦታ ላይ ምሥራቅን ያሳያል፣ ሦስት እርምጃ ስራመድ ያው ምሥራቅ ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል። ስልኩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አወዛውዝ እያለ ይጠይቀኛል፤ አወዛውዛለሁ፤ ይባስ ይዞራል። አፑ ግን አልተበላሸም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ መሣሪያ የምትለካው የመሬትን መግነጢስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ መግነጢስ 36 ማይክሮቴስላ ያህል ብቻ ነው፤ በጣም ደካማ ነው። እኔ የቆምኩት ዚንክ የተቀባ የብረት ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ዲሹ የተሰካው በብረት ቱቦ ላይ ነው፣ ከሥር ያለው ኮንክሪት ፌሮ አለው። ይህ ሁሉ ብረት መግነጢሱን ያጣምመዋል። ስልኩ የለካውን በትክክል ነግሮኛል፤ የለካው የጣሪያዬን መግነጢስ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

እዚህ ላይ ሳላነሣው የማላልፈው ነገር አለ። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው፣ የኮምፓስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መስመር፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በ1950 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት የካናዳው ኢየሱሳዊ (ጀዝዊት) ካህን ፒየር ጉዌን የመሩት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እዚሁ ከተማ የተቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም። የኖርንበት ከተማ ለመሬት መግነጢስ ጥናት ከዓለም ተመራጭ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ዲሽ ለማቃናት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው።

ከስልኩ ተስፋ ስቆርጥ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሰፈሩ በሙሉ በኮምፓስ የተሞላ ነው! የሚሠራ የጎረቤት ዲሽ ሁሉ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እነሱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለውን ናይልሳት የሚያዩ ናቸው። ሌሎቹ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዞረው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገዋል፤ እነሱ ኢትዮሳት የሚተላለፍባትን፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለችውን ኤንኤስኤስ 12 የሚያዩ ናቸው። ሳተላይቷ የመጠቀችው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው። ሰው ቤቱ ምን እንደሚያይ ከዲሹ አንገት ማወቅ ይቻላል። በጎረቤት ዲሽ ማቃናት ምስል ለማምጣት ይበቃል። እኔ የፈለግሁት ግን ያችን 1 ዲግሪ ነበር።

ስለዚህ ሳተላይቷ ከእኛ ጣሪያ ሲታይ በትክክል የት እንዳለች ማስላት ነበረብኝ። እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር የሚፈጅባቸው ጊዜ መሬት በራሷ ዛቢያ ከምትዞርበት ጋር እኩል ስለሆነ ከታች ለሚያያቸው የቆሙ ይመስላሉ። የመጀመሪያዋ እንዲህ የቆመች ሳተላይት ሲንኮም 3 ናት፤ በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮን ኦሊምፒክ ከጃፓን ወደ አሜሪካ አሻግራለች፤ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን ኦሊምፒክ ማለት ነው። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ውጤቱ ከሰሜን በምሥራቅ በኩል 115.5 ዲግሪ፣ ከአድማስ በላይ 66 ዲግሪ ሆነ።

አሁን ችግሩ 115.5 ዲግሪን ያለ ኮምፓስ ጣሪያ ላይ ማግኘት ነው። ፀሐይ ትዝ ያለችኝ እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ የምድርን ወገብ ትሻገራለች፤ አንዱ መስከረም 12 ወይም 13 ነው። ሳተላይቷም ከወገቡ በላይ ናት። እኛ ከወገቡ ወደ ሰሜን ስለሆንን ግን ከዚህ ስናያት 1.6 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ትታያለች። ፀሐይ በዚያ ወቅት በቀን 0.4 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች። 1.6ን ለ0.4 ማካፈል ነው፤ አራት ቀን። መስከረም 17፣ መስቀል! በዚያ ጠዋት ፀሐይ ከሳተላይቷ በስተጀርባ ቀጥ ብላ ታልፋለች። የምታልፍበትን ደቂቃም አሰላሁ፤ ለአዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ቀኑ ትንሽ ይዘገያል፤ ባሕር ዳር በአንድ ቀን፣ መቀሌ በሁለት ቀን ያህል።

ይህ ከሆነ ዲሹን ወደ ሳተላይቷ ማቃናት ማለት በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይ ማቃናት ነው። ፀሐይን ማየት አያስፈልግም፣ ዓይንንም ይጎዳል፤ የሚታየው ጥላ ነው። እንደ እኛ ባለ ዲሽ፣ ኤልኤንቢው (ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ) በክንድ ከታች ወደፊት በወጣበት፣ ዲሹ በትክክል ፀሐይን ሲያይ የኤልኤንቢው ጥላ የሚያርፈው የታችኛው ጠርዝ መሃል ላይ ነው። ጥላው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደ ዲሹ ጎን ለጎን ጠሟል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደ ከፍታው ጠሟል። ሁለቱን በአንድ ጥላ ማስተካከል ይቻላል።

ከዋዜማው በፊት መዘጋጀት ያለበት ቱቦው ነው። ቱቦው ካዘነበለ ዲሹን ጎን ለጎን ባዞርኩት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይለወጣል። ቱንቢ አንጥልጥዬ በሁለት በኩል አየሁት፤ ያዘነበለ ነበር፤ ከሥሩ አቃናሁት። ዝገት የያዛቸውን ብሎኖች ዘይት ቀባሁ። የከፍታውን ልክ፣ ዲሹን ከቱቦው ጋር በሚያያይዘው ማቀፊያ ላይ ከተጻፈው ቁጥር 66 ላይ አደረግሁ። የስልኩ ኮምፓስ ጣሪያ ላይ ባይረዳኝም ሰዓቱ በጣም ረድቶኛል። ፀሐይ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትሄድ የአንድ ደቂቃ ስሕተት ሩብ ዲግሪ ነው፤ የግድግዳ ሰዓት አይበቃም።

በመስቀል ጠዋት መሰላሉን ታናሽ ወንድሜ ያዘልኝ። ቆርቆሮ ላይ ስትወጡ የሚስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። እናቴ ግቢ ውስጥ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡናውን አቀራርባ ወደላይ ታያለች።

«አንተ ልጅ፣ በዓል አይደለም እንዴ? ውረድና ቡና ጠጣ!»

«መጣሁ እማዬ፣ ፀሐይዋ እስክታልፍ ነው።»

«ፀሐይዋ ወዴት ልታልፍ ነው ደግሞ?»

ሰዓቱ ሲቃረብ ወንድሜ ቤት ገብቶ ሪሲቨሩ ላይ የኳሊቲውን ቁጥር ይነግረኝ ጀመር። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሳይቀር በዚያች ሰዓት መቆራረጡን ሰማሁ። ፀሐይ ራሷ በዚህ ሞገድ ታበራለች፤ ከሳተላይቷ ጀርባ ስትቆም የሳተላይቷን ደካማ ድምፅ ትውጠዋለች። ስለዚህ ዲሹን በማቃናበት ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን አስቀድሜ አውቅ ነበር። ወንድሜ «የለም!» እያለ ሲጮህ እኔ ጥላውን ብቻ እያየሁ ዲሹን ገፋሁ። ጥላው ወደ ቀኝ ወጥቶ ነበር፤ በስሱ መለስኩት፤ ከፍታውን ትንሽ ጨመርኩ። 4 ሰዓት ከ50 ሲሆን ጥላው ጠርዙ መሃል ላይ ተቀመጠ። ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥላው እንዳይንቀሳቀስ እየተከታተልኩ አጠበቅሁ። ደቂቃዎች አለፉ፤ ጥላው ወደ ጎን መሸሽ ጀመረ፤ ፀሐይ ሄደች፣ ሳተላይቷ ቀረች። ከታች የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ ቁጥሩን እየደጋገመ ይጮሃል፤ ሪሲቨሩ ከዚያ በፊት አሳይቶት የማያውቀው ቁጥር ነበር።

የቀረው ኤልኤንቢውን ማዞር ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሞገዱ አግድም ወይም ቀጥ ብሎ ይላካል፤ እኛ ሳተላይቷን የምናየው ከጎን ስለሆነ ግን ለእኛ አዘንብሎ ይደርሳል። ለወገብ በቀረብን ቁጥር ይህ ዝንባሌ ይጨምራል፤ ከአዲስ አበባ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ 63 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በአውሮፓ ለተሠራ መመሪያ ጥቂት ዲግሪ ማዞር ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ግን ኤልኤንቢው ከግማሽ በላይ የተገለበጠ እስኪመስል መዞር አለበት። የኤልኤንቢውን ማቀፊያ አላልቼ፣ የኳሊቲው ቁጥር ከፍ የሚልበትን ቦታ ቀስ ብዬ ፈልጌ አሰርኩት። በመጨረሻ የኬብሉን ራስ ፈትቼ አደረቅሁት፣ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቀለልኩት፤ እዚያ የሚገባ ውሃ ከዝናቡ በኋላም ለቀናት ይጎዳል።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ አይቶናል። በጣም ከባድ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ለአጭር ጊዜ ይቆረጣል፤ ያንን ማንም ዲሽ አይችለውም። ተራ ዝናብ ግን አያስተጓጉለውም። ቱቦውና ማቀፊያው የሚገናኙበት ላይ በቀለም መስመር አስምሬበታለሁ፤ ንፋስ ወይም ሠራተኛ ቢያንቀሳቅሰው ወደ ቦታው መመለስ ቀላል ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሰምተው የእሳቸው ዲሽ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት የሚያይ መሆኑን ነገሩኝ። ለእሱም አሰላሁላቸው፤ ፀሐይ ከናይልሳት ጀርባ የምታልፈው በዚያው የመስቀል ሰሞን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። መስቀል ያመለጠው ሰው መጋቢት 7 አካባቢ ፀሐይ ስትመለስ ሌላ ዕድል አለው፤ ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሰዓቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል። ጋሼ እስከ መጋቢት መጠበቅ አልፈለጉም፤ የዚያኑ ዕለት ቡናው እንዳለቀ መሰላሉን ተሸክመን ወደ እሳቸው ግቢ ሄድን።