ድኩላዋ የምታውቀው መንገድ

ባለፈው ክረምት ከቦንጋ ወደ ጅማ ስመለስ፣ በለጠ በሚባለው ደን ውስጥ በሚያልፈው አስፋልት ላይ አንዲት ድኩላ ከግራ በኩል ዘላ ከሚኒባሱ ፊት ገባች። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ከፊታችን ካለው ወንበር ጋር ተላተምን፤ ድኩላዋ ግን በመብራቱ ውስጥ ለአፍታ ቆማ ወደ ሸለቆው ወረደች። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ምንም ሳይደነግጡ «ልጄ፣ ውሃ ልትጠጣ እኮ ነው። ድሮም በዚሁ ነው የሚወርዱት፤ አስፋልቱ ነው የመጣባቸው» አሉኝ።

የአዛውንቱ ነገር በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ትራፐርስ ፖይንት ስለሚባል ጠባብ ማለፊያ ያነበብኩትን አስታወሰኝ። ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሰል እንስሳና የአካባቢው አጋዘን በረዶ ሲመጣ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ፣ ሲቀልጥ ደግሞ ወደ ተራራው የሚጓዙት በዚያ በኩል ሲሆን፣ ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ አዳኞችም እዚያው አድብተው ይጠብቋቸው እንደነበር በቁፋሮ የተገኘው አጥንት ይመሰክራል። (አጋዘን ማለቴ ለልማድ ያህል ነው፤ የእኛው አጋዘን ቀንድ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፣ የእነርሱ ግን በየዓመቱ እየረገፈ ይበቅላል።) ይህን ጉዞ አውራ ጎዳና ቁጥር 191 ስለቆረጠው፣ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመንገዱ በላይ 2፣ ከሥሩ ደግሞ 6 መሻገሪያዎች ከረጅም አጥር ጋር ተሠርተው ተጠናቀቁ። ጠላቱን ከሩቅ በዓይኑ የሚጠብቀው ፕሮንግሆርን የላዩን ሲመርጥ፣ አጋዘኑ በአብዛኛው በሥር ያልፋል።

ሰው ፎቶግራፉን አይቶ የሚደነቀው በድልድዩ ነው፤ እኔ አጥሩን አስበልጣለሁ። አጥር ከሌለ እንስሳው ባሻው በኩል አስፋልት ላይ ይወጣል፣ አጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ከግጦሹና ከውሃው ተቆርጦ ይቀራል። በካናዳው ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ሁለቱ ተጣምረው ከተሠሩ ወዲህ መኪና ከዱር እንስሳት ጋር የሚጋጭበት አደጋ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል።

በእኛ መስመር እንዲህ ያለ ድልድይ ይሠራ ብዬ አልከራከርም፤ አጥሩም ከብት የሚነዳውንና ማር ሊቆርጥ ደን የሚገባውን ሰው መንገድ ይዘጋል። ነገር ግን መንገድ በሚታደስበት ጊዜ ከአስፋልቱ ሥር የሚቀበረውን የጎርፍ ቱቦ፣ የአገሩን ሰው እንስሳው የት እንደሚሻገር ጠይቆ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሰፋ ባለና ዳር ዳሩ ደረቅ መረማመጃ ባለው መተላለፊያ መተካት ይቻላል። መሬት መውረድ ለማይወደው ጉሬዛ ደግሞ በኬንያዋ ዲያኒ እንደሚደረገው ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጋ የገመድ መሰላል ይበቃዋል።

በሳምንቱ ያንን ቦታ በቀን ብርሃን ለማየት ተመልሼ ነበር። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ጎንበስ ያለ ሕፃን እንኳ የማያሳልፍ ሲሆን ግማሹን ደለል ሞልቶታል። አፉ ላይ ባለው ጭቃ የድኩላ ኮቴዎች ታትመዋል፤ እስከ ቱቦው ደፍ ድረስ መጥተው፣ ከዚያ ዞረው ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ወጥተዋል።